የአቶ ዘርጋው አውራ ጣት እና የታሰሩት ቢላዎች

ተረት አለኝ። የምትሰሙኝ ከሆነ አንድ ጊዜ «እሺ» በሉ፤ ይበቃኛል። ሦስት ጊዜ የሚያስለምኑ ሰውዬ በተረቱ ውስጥ አሉ፤ ለሁላችንም እሳቸው ይበቁናል።

አቶ ዘርጋው ይባላሉ። በአንድ የአውራጃ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። በእነዚያ ሠላሳ አንድ ዓመታት አንድም ባለጉዳይ በሄደበት ቀን ጉዳዩን ጨርሶ አልተመለሰም። እሳቸው «ሦስተኛው መስኮት ሂድ» ይላሉ። ሦስተኛው መስኮት «አምስተኛው ጋ ነው» ይላል። አምስተኛው ምሳ ወጥቷል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ካባ አለበሳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ አንድ የብረት የመዝገብ ሣጥን አስጭነው ሄዱ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሣጥኑ ስምንት ዓመት አልጋቸው ሥር ተኛ። በስምንተኛው ዓመት ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት አመለጣቸውና የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ወደቀ። ያ ሣጥን በዕድሜው በአንድ ቀን የጨረሰው ጉዳይ ይኼ ብቻ ነው።

ቁስሉ አልድን አለ። ሰኞ ጠዋት ነርሷ መጣች፣ ፋሻውን ፈታች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«አባቴ፣ ይኼ ቁስል የሚሞላበት ሥጋ አጥቷል። እንቁላል ይብሉ፣ ሥጋ ይብሉ፣ ምስር ይብሉ። ቅዳሜ እመለሳለሁ። ቀይ ሥጋ ማብቀል ከጀመረ እሰየው። ከጠቆረ ግን ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ፤ ጣቱ ይቆረጣል።»

ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር። ቤት ያለችው ምራታቸው ፀዳለ ናት። ፀዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። እዚያ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ሠላሳ ልጅ ይቀመጣል፤ «አልፈልግም» ያለ ልጅ ሳህኑ ቃሉን ሳይጨርስ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሰው «አልፈልግም» ካለ አይፈልግም ብላ አደገች። ምስኪን።

«አባባ፣ እንቁላል ቀቅያለሁ። ይበላሉ?» አለች ሰኞ ለምሳ።

«ኧረ ተይኝ ልጄ፤ ምንም አላሰኘኝም።»

«እሺ» አለችና ሳህኑን አነሣች። ወጥ ቤት ገብታ እንቁላሉን ቆማ በላችው። እንቁላል አይጣልም።

አቶ ዘርጋው የተዘጋውን በር ሲያዩ ቀሩ። በእሳቸው ቤት ሥርዓት ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እንቢ ይላል። «ትንሽ እንኳ ይቅመሱ» ሲባል አሁንም እንቢ ይላል፤ ይኼ ጨዋነት ነው። በሦስተኛው «አፈር ስሆን» ይባላል። ያን ጊዜ የለማኙን ልብ ላለመስበር ሲል ብቻ፣ በግድ፣ ሁለት ሳህን ይበላል። ፀዳለ ግን ከመጀመሪያው እየተመለሰች ትሄዳለች። ማክሰኞም «ይበላሉ?»፣ «አላሰኘኝም»፣ «እሺ»። ረቡዕም እንዲሁ። እሷ ቃላቸውን አከበርኩ ትላለች፤ እሳቸው ተናቅሁ ይላሉ። በሩ ሲዘጋ ከሻይ ዕቃው ስኳር በማንኪያ እየዘገኑ ይልሳሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ሐሙስ ደረሰ።

እንግዲህ ቁስል አፉን ከፈተ። ቁስል ሥራው ይኼው ነው።

«ዶቃ አምጡልኝ!» አለ። «አንድ እፍኝ ዶቃ!»

ዶቃ ያለው ምን መሰላችሁ? እንቁላልና ሥጋ ሲፈቱ ዶቃ ናቸው፤ በረጅም ክር የተሰካ ዶቃ። ሆድ ይፈታዋል፣ ቁስል መልሶ እየሰካ አዲስ ሥጋ ይሠራበታል። ስኳር ዶቃ የለውም። ስኳር የሚላስ ነገር ነው፣ ሌላ ምንም።

በዚያ ስታልፍ የነበረች አንዲት የደም ጠብታ ጥሪውን ሰማች። ሌሎቹ ጠብታዎች የሚቸኩሉ መስለው አለፉ። እሷ ቆመች፤ የቆመ ሰው ደግሞ ይላካል።

«እፍኝ ዶቃ ብቻ ነው?» አለች።

«እፍኝ ብቻ። ቅዳሜ ሳይደርስ።»

ጠብታዋ ወደ አንጀት ሄደች። ደም ሰውነትን ሙሉ ለመዞር አንድ ደቂቃ ይበቃዋል ይባላል። በዚህኛው ሰውነት ግን ደምም ባለጉዳይ ነው። ሆዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ከጌታው ጋር ቢሮ ገብቶ የወጣ ሆድ ነው፣ ሙያውን ተምሮታል።

«አያ አንጀት፣ እፍኝ ዶቃ አሳልፍልኝ። ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

አንጀት ተንጋሎ ተኝቶ ነበር። «ወንፊት ነኝ እኮ» አለ። «በኔ የሚያልፈው ዶቃ በዶቃ ነው። ክሩን እንዳለ ብታመጪልኝ አላሳልፍም። ክር የሚቆርጡት ቢላዎቹ ናቸው። እነሱ ጋ ሂጂ።»

ቢላዎቹ ቆሽት ውስጥ፣ በየከረጢታቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ስማቸው ረጅም ነው፤ ኪሞትሪፕሲኖጅን የሚባል አለ፣ ፕሮኤላስቴዝ የሚባል አለ፣ ጠርቼ የማልጨርሰውም አለ። ስሙ እንዲህ የረዘመ ሹም ጠረጴዛው ባዶ እንደሆነ ከመዝገብ ቤት ታውቃላችሁ።

«ቢላዎች፣ ክር ቁረጡልኝ» አለች ጠብታዋ። «አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«በደስታ!» አሉ ቢላዎቹ ባንድ ድምፅ። «ስለት አለን፣ ፍላጎት አለን፣ ልምድ አለን። ግን ታስረናል።»

እውነትም እያንዳንዱ ስለቱ ላይ ቋጠሮ አለበት። ሲወለድ ጀምሮ የታሰረ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ካልተበጠሰ ቢላው ቅቤም አይቆርጥም።

«ማነው የሚበጥስላችሁ?»

«ታላቃችን። ጥግ የተቀመጠው።»

ታላቁ ቢላ ትሪፕሲኖጅን ይባላል። ቋጠሮው የተበጠሰለት ቀን ስሙ አጥሮ ትሪፕሲን ይሆናል፤ ያን ጊዜ የታናናሾቹን ሁሉ ቋጠሮ የሚበጥሰው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሹመቱ ያልጸደቀለት ሹም ነው፤ ተቀምጦ ይከበራል።

«ጋሼ፣ የወንድሞችህን ቋጠሮ በጥስ» አለችው። «ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«የኔስ ቋጠሮ አይታይሽም እንዴ?» አለ ታላቁ ቢላ፣ ቅር ብሎት። «እኔን የሚፈታኝ በረኛው ነው። የቀጭን አንጀት በር ላይ አለ። ሌላ ማንም እንዲነካኝ አልተፈቀደም።»

በረኛው የቀጭን አንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ምስማር ተሰክቶ ይኖራል። በእጁ ያለው አንዲት መቀስ ናት። መቀሷ የምታውቀው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ የታላቁን ቢላ።

«አያ በረኛ፣ ና፣ የታላቁን ቢላ ቋጠሮ ቁረጥ። ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«ና?» አለ በረኛው። «ና አልሽኝ? በረኛ ከበሩ ተነሥቶ ሲሄድ የት አይተሻል? በሬ ድረስ የመጣውን እፈታለሁ። ለምን መጣህ አልልም፣ ከየት መጣህ አልልም፣ አያለሁ፣ እቆርጣለሁ። ግን ይምጣ።»

«ማን ያምጣው?»

«ጓዳዋን የምታውቀዋ እመት ቆሽት። እሷን ጠይቂ።»

ጠብታዋ ተመልሳ ወደ ቆሽት ወጣች። እመት ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የሚኖሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ሙሉ ቢላ ነው፣ እሳቸው ግን ረጋ ብለው ይቀመጣሉ።

«እመት፣ ታላቁን ቢላ ወደ በሩ ይላኩልኝ። በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«ደወሉ አልጮኸም፣ ልጄ።»

«ይሁንና እመት፣ እዚሁ ለምን አይፈቱትም? እርስዎ እጅ አለዎት፣ ቢላው አጠገብዎ ነው። ይፍቱትና ተፈትቶ ይሂድ። ይኼን ሁሉ መንገድ ምን አመጣው?»

እመት ቆሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

«ነይ ቅረቢ» አሉ። «የዚህ ሰውዬ አባት ቆሽት ነበረችው። እንደኔው ነበረች። አባትየው ጠጪ ነበር፤ አንድ ቀን ቤቷ ሲናወጥ የአንዱ ቢላ ቋጠሮ እዚያው ጓዳ ውስጥ ተበጠሰ። አንድ ብቻ። እሱ የጎኑን በጠሰ፣ የጎኑ የጎኑን በጠሰ። ቢላ ደግሞ እንቁላልና እናቱን አይለይም። ከረጢቱን ቆረጡ፣ ግድግዳውን ቆረጡ፣ እሷንም ቆረጧት። ሦስት ቀን ጮኸች። በአራተኛው ቀን አብረው ተቀበሩ። አገሩ ‹በንዴት ቆሽቱ አርሮ ሞተ› አለ። አገሩ እንዲህ ልክ ሆኖ አያውቅም።»

ጠብታዋ ከቢላዎቹ ፈቀቅ አለች።

«ስለዚህ» አሉ እመት ቆሽት፣ «ጓዳዬ ውስጥ ቋጠሮ አይፈታም። የሁሉም ሰው መዘግየት ስንፍና ይሆናል፤ የኔ ግን አይደለም። ደወሉን ጠይቂ።»

ከዚህ ሁሉ መሥሪያ ቤት ምክንያታቸውን የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይመዝገብልኝ።

ደወሉ የት ያለ ይመስላችኋል? በረኛው ጎን። ግድግዳ ለግድግዳ። ጠብታዋ አሁን ከዚያ ነው የመጣችው። በረኛው ለምን አልነገራትም? አልተጠየቀማ።

«ደወል፣ ጩኽልኝ» አለች ትንፋሿ እያጠረ። «እመት ቆሽት አልልክ አሉ፣ በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«ጥሩ አድርገሽ ነው በቃልሽ የያዝሽው» አለ ደወል። «ድገሚልኝ እስቲ፤ ሰው ከመጣ ቆይቷል።»

«ትጮኻለህ ወይስ አትጮኽም?»

«ኮምጣጣ ነገር ከላይ ሲወርድና ሲነካኝ ነው የምጮኸው። ያለ ኮምጣጣ መጮኽ ውሸት ማስወራት ነው። ጨጓራን ጠይቂ።»

ጨጓራ ከሰኞ ጀምሮ ስታጉረመርም የሰነበተች ባለሙያ ናት።

«እማማ ጨጓራ፣ ኮምጣጣውን አፍስሽው። ደወል አልጮኽ አለ፣ እመት ቆሽት አልልክ አሉ፣ በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

«ምኑን ላፍስሰው?» አለች ጨጓራ። «ምን ተልኮልኝ ነው የማኮመጥጠው? አራት ቀን ሙሉ ሻይ! ሻይና ስኳር! ልጅ የምትጫወትበት ዕቃ አደረጉኝ እኮ! ሂጂ አፍን በይው፤ ‹የምትነግረኝን ወሬ ትተህ የሚታኘክ ነገር ላክ› በይው፤ እንደወረደ ንገሪው።»

እንደወረደ ነገረችው።

«አፍ፣ ተከፈት። ጨጓራ አላፈስ አለች፣ ደወል አልጮኽ አለ፣ እመት ቆሽት አልልክ አሉ፣ በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም እየመጣ ነው።»

አፍ ከዚህ ሁሉ ጉባኤ ሥልጣን እንደሌለው የሚያውቅ ብቸኛው አካል ነው። «እኔ?» አለ። «እንቁላሉን ሳየው ምራቄ አንገቴ ድረስ ይሞላል። ‹አላሰኘኝም› በል ይሉኛል፣ እላለሁ። እኔ የተናገርኩት መስሎሻል? ጌታውን ጠይቂ። ጆሯቸው እዚያ ላይ ነው።»

ጠብታዋ በጉንጭ አድርጋ ወደ ጆሮ ወጣች። የአቶ ዘርጋው ጆሮ ጋለ።

«ጌታዬ፣ ይብሉ። አፍ አልከፈት አለ፣ ጨጓራ አላፈስ አለች፣ ደወል አልጮኽ አለ፣ እመት ቆሽት አልልክ አሉ፣ በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ ቁስል ባዶ እጁን ቀረ፣ ቅዳሜም ነገ ወዲያ ነው።»

አቶ ዘርጋው ጆሯቸውን አሹ። «ጆሮዬ ጋለ፤ የሚያማኝ ሰው አለ» አሉ ለግድግዳው። ቀጥለውም ለዚያው ግድግዳ፣ «እኔ ሳልለመን አልበላም። ጣቴ ይሂድ። ሥርዓት ግን ይኑር» አሉ።

ይኸውላችሁ። ቢላው ቋጠሮውን ይዞ በረኛ ይጠብቃል፤ ሰውየው «አላሰኘኝም»ን ይዘው «አፈር ስሆን»ን ይጠብቃሉ። ልዩነቱ፣ ቢላው ያለጊዜው ቢፈታ ቤት ያፈርሳል። ሰውየው ያለጊዜያቸው ቢበሉ ጠገብ ከማለት በቀር ምን ይሆኑ ነበር?

ጠብታዋ ወደ ቁስል ተመለሰች። አርብ ረፍዷል። የቁስል ዳር ዳሩ መጥቆር ጀምሯል።

«ዶቃዬስ?» አለ።

«ጌታው ሳልለመን አልበላ አሉ፣ አፍ አልከፈት አለ፣ ጨጓራ አላፈስ አለች፣ ደወል አልጮኽ አለ፣ እመት ቆሽት አልልክ አሉ፣ በረኛ ከበሩ አልነሣ አለ፣ ታላቅ ቢላ አልበጥስ አለ፣ ቢላዎች አንቆርጥም አሉ፣ አንጀት አላሳልፍ አለ፣ አንተም ባዶ እጅህን ቀረህ፣ ቅዳሜም ነገ ነው።»

«የሚለምናቸው ማነው?»

«ፀዳለ። እሷ ያለችው ግን ውጪ ነው።»

ቁስል አሰበ። አንድ አፍታ ብቻ። «ከኔ በቀር ወደ ውጪ የሚያስወጣ በር የለም» አለ። «እዚሁ ቁጭ በይ። ፋሻው ሲፈታ ውጪ።»

«ወጥቶ የተመለሰ ደም አለ?»

«የለም» አለ ቁስል። «ቶሎ በይ ብቻ።»

ለምሳ ፀዳለ ገባች። በአንድ እጇ እንቁላል፣ በሌላው ንጹሕ ፋሻ ይዛለች።

«አባባ፣ ይበላሉ?»

«አላሰኘኝም።»

«እሺ።» ሳህኑን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና እግራቸውን ይዛ ፋሻውን ፈታች። ጠብታዋ ወጣች። በፀዳለ አውራ ጣት ላይ አረፈች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ሙቅ። የያዘችውን ልመና ሁሉ ለመናገር ጊዜ አላገኘችም፤ እዚያው ረጋች።

ፀዳለ ደሙን አየች። ከደሙ ሥር የጠቆረውን አየች።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጣትዎን ሊቆርጡት ነው፣ አባባ።»

«ይቁረጡታ። የት ልሄድበት ነው? በዚህ ቤት ብላ ያለኝ ሰው አለ?»

«በየቀኑ ይበላሉ ወይ እያልኩ!»

«አንዴ!» አሉ፣ አንድ የእጅ ጣት አቁመው። «አንዴ ብለሽ ሳህንሽን ይዘሽ ዘወር! ለውሻ እንኳ ሁለቴ ኩቲ ይባላል!»

«እና ስንቴ ልበል? ማመልከቻ ላስገባ? አምስተኛው መስኮት ልሂድ?» ፀዳለ ተነሣች። ሳታውቀው ከሳህኑ ግማሽ እንቁላል አንሥታ ይዛለች። «አልፈልግም አሉ፣ ተውኩ! ቆሽቴን አሳረሩት እኮ! ምን ልሁንልዎ? አፈር ልሁን? እሺ! ይኸው አፈር ልሁን! አፈር ስሆን፣ አፈር ስሆን፣ አፈር ስሆን ይብሉ!»

ቃሉን እንደ ድንጋይ ወረወረችው። ውስጡ ቅንጣት ፍቅር አልነበረም። የሰማ ጎረቤት ቢኖር ተሰደቡ ይል ነበር።

አቶ ዘርጋው ግን ፊታቸው በራ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማኅተሙ ካረፈ፣ ያሳረፈው ሰው ምን ፊት እንደነበረው አይጠየቅም።

«እንዴ!» አሉ። «እንዲህ እስክትይማ! የሰው ነፍስ ነው፣ እንዴት አስቀይምሻለሁ።»

ጌታው ተለመኑ፣ አፍ ተከፈተ፣ እንቁላል ወረደ፣ ጨጓራ አኮመጠጠች፣ ኮምጣጣ ፈሰሰ፣ ደወል ጮኸ፣ እመት ቆሽት ላኩ፣ ታላቅ ቢላ በሩ ደረሰ። በረኛ ለምን መጣህ አላለም፤ አየ፣ ቆረጠ። ታላቅ ቢላ የወንድሞቹን ቋጠሮ በጠሰ፣ ቢላዎች ክሩን ቆረጡ፣ አንጀት ዶቃውን አሳለፈ፣ ደም ተሸከመ፣ ቁስልም ማታ ሳይመሽ እፍኙን ተቀበለ። ዶቃውን ያመጣችው ሌላ ጠብታ ናት። «የቀድሞዋስ?» አላለም። መስካት ጀመረ።

አቶ ዘርጋው በዚያው ምሳ አራት እንቁላልና አንድ ድስት ምስር ጨረሱ። ላለማስቀየም ሲሉ። እራት ላይም አላስቀየሙም።

ቅዳሜ ነርሷ መጣች። ፋሻውን ፈትታ ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች። ጥቁሩ ቆሟል። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ሥጋ ወጥታለች።

«ጣቱ አይቆረጥም» አለች። «ምን አደረጉ?»

«ድሮም ደሜ ብርቱ ነው» አሉ አቶ ዘርጋው።

ፀዳለ የአርቡን ፋሻ በቀዝቃዛ ውሃ ስታሸው አርፍዳለች፤ አንዲት ቡናማ ነጥብ አልለቅ ብላለች። እንዳለ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ገብታ እንቁላል ቀቀለች።

«አባባ፣ ይበላሉ?»

«አላሰኘኝም።»

ፀዳለ እንቁላሉን እየላጠች፣ ቀናም ሳትል፣ የስም ዝርዝር እንደሚጠራ ሰው በአንድ ትንፋሽ፣ «ይብሉ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ አፈር ስሆን» አለች።

ሁለተኛው ላይ አፋቸው ተከፍቶ ነበር።

ተረቴን እናንተ መልሱ፣ እኔን አፌን በእንቁላል አብሱ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁኝ፤ እበላለሁ።